የናፍጣ መኪና የአየር ፊልትሮ መቼ ይቀየራል? ከጎንደር ለሚነዱ ደረጃ በደረጃ

ወደ ደባርቅ እንግዳ ይዞ የሚወጣ ሹፌር፣ ከመተማ ሰሊጥ ጭኖ የሚመለስ ባለ አይሱዙ፣ ሚኒባሱ ውስጥ አልጋና ምድጃ ገጥሞ ሜዳ ላይ የሚያድር መንገደኛ፣ ሁሉም አንድ ልማድ አላቸው። መኪናው አቀበት ላይ ጥቁር ጭስ ሲያወጣ ኮፈኑን ይከፍታሉ፤ የአየር ፊልትሮውን አውጥተው ጎማው ላይ ሦስት አራት ጊዜ ይመቱታል፤ አቧራው ሲቦን ደስ ይላቸዋል፤ መልሰው ይከቱታል። በሳምንቱ ይደግሙታል። ከዓመት በኋላ ሞተሩ ዘይት መብላት ሲጀምር ጥፋቱን በናፍጣው ላይ ያላክካሉ።

የታፈነ ፊልትሮ ኃይል ይቀንሳል፣ ነዳጅ ያስበላል፣ ያስጨሳል። ሲቀየር ግን አብዛኛው ችግር አብሮት ይወጣል። በተመታ፣ በተቀደደ ወይም በአግባቡ ባልተቀመጠ ፊልትሮ በኩል የገባ አቧራ ግን የሲሊንደሩን ግድግዳና የፒስተኑን ቀለበት ልጦ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ፊልትሮውን ያለ ምክንያት አትክፈቱት፤ ስትከፍቱትም ለመቀየር ተዘጋጅታችሁ ክፈቱት።

የአየሩን ብዛት ለመገመት ያህል፦ 4.2 ሊትር የሆነ፣ ቱርቦ (አየር እየጨመቀ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የናፍጣ ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ከ5,000 ሊትር በላይ አየር ይስባል። ከፊታችሁ የሚሄደው መኪና ያስነሳውን አቧራ ሁሉ ያ ወረቀት ነው የሚይዘው።

ከመጀመራችሁ በፊት

የሚያስፈልጋችሁ ይህ ነው፦ አዲሱ ፊልትሮ ከነካርቶኑ፣ ሁለት ንጹሕ ነጭ ጨርቅ፣ ካቻቪቴ፣ የእጅ ባትሪ፣ ማስመሪያ፣ የማይለቅ ቀለም ያለው እስክሪብቶ፣ አሮጌውን የምታስገቡበት ትልቅ ፌስታል። ለደረጃ 3 ደግሞ ውስጡ የሚታይ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ፣ 4 ሜትር ያህል።

ሞተሩ ይቀዝቅዝ። መኪናውን ከነፋስ በሚከለል ቦታ አቁሙ። መንገድ ዳር አይሆንም፤ አንድ ባጃጅ ሲያልፍ የምታስነሳው አቧራ በተከፈተው ቱቦ በኩል ለመግባት ይበቃል። እኔ የምመርጠው ማለዳ 1 ሰዓት ላይ፣ ነፋሱ ሳይነሳ፣ ግቢው ውኃ ተረጭቶበት ነው።

የፊልትሮውን ቤት ከላይ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ይህን የሚያደርግ ሰው እምብዛም አላየሁም። ክዳኑ ላይ የተኛው አቧራ ክዳኑ ሲነሳ ወዴት የሚወድቅ ይመስላችኋል?

ደረጃ 1፦ ያላችሁን ማጣሪያ እወቁ

ሦስት ዓይነት ነው የሚያጋጥማችሁ።

ጠፍጣፋ ወረቀት፦ በፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። በአዳዲስ ፒክአፖችና ሚኒባሶች ላይ የተለመደ ነው።

ክብ ወረቀት፦ በብረት ወይም በፕላስቲክ ጣሳ ውስጥ ይገባል። በላንድክሩዘርና በጭነት መኪና ላይ ይህን ታገኛላችሁ። በአንዳንዶቹ ከዋናው ውስጥ ሌላ ቀጭን ማጣሪያ አለ፤ የመጠባበቂያ ፊልትሮ ነው። እሱ አይጸዳም፣ በአየር አይነፋም፤ ዋናው ሦስት ጊዜ ሲቀየር አንድ ጊዜ ይቀየራል። ዋናውን በምትቀይሩበት ጊዜ ከቦታው አታንቀሳቅሱት፤ ቱቦውን ከአቧራ የሚከልለው እሱ ነው።

በዘይት የሚሠራ፦ በድሮ መኪናዎችና በትራክተር ላይ ይገኛል። ወረቀት የለውም፤ ከሥሩ ባለው ሳህን ውስጥ የሞተር ዘይት አለ። ሳህኑ ሥር የረጋው ጭቃ 1 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ወይም ዘይቱ ሲወፍር ሳህኑን አጥባችሁ እስከ ምልክቱ ድረስ አዲስ ዘይት ሙሉ። ከምልክቱ በላይ ከሞላችሁ ሞተሩ ዘይቱን ይስበዋል፤ የናፍጣ ሞተር ደግሞ ዘይትን እንደ ነዳጅ ያቃጥላል፣ ቁልፍ ሲዘጋም ላይጠፋ ይችላል። ከዚህ በታች ያለው በዋናነት ስለ ወረቀቱ ነው።

ደረጃ 2፦ ሳትከፍቱ ወስኑ

ፊልትሮውን በዓይን አይቶ መወሰን ያሳስታል። ከላዩ የጠቆረ ወረቀት ገና ግማሽ ዕድሜ ሊኖረው ይችላል። እንዲያውም ጥቂት አቧራ የያዘ ወረቀት ከአዲሱ ይልቅ ደቃቅ ብናኝ ያስቀራል፤ የተኛው አቧራ ራሱ ማጣሪያ ይሆናል። ስለዚህ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

አንደኛ፣ ጠቋሚውን ተመልከቱ። በብዙ የጭነት መኪናዎችና በአንዳንድ የመስክ መኪናዎች ላይ ከፊልትሮው ቤት በኋላ፣ ወደ ሞተሩ በሚሄደው ቱቦ ላይ፣ ትንሽ የፕላስቲክ ብርጭቆ የመሰለ ነገር አለ። ቀዩ ከታየ ጊዜው ደርሷል። ጫፉን ተጭናችሁ መልሱት፤ በሚቀጥለው አቀበት ቀዩ ተመልሶ ከመጣ ቀይሩ። ዳሽቦርድ ላይ መብራት ያላቸውም አሉ።

ሁለተኛ፣ ኪሎ ሜትሩን ከመንገዱ ጋር አገናዝቡ። ብዙ የመኪና መጻሕፍት ለአስፋልት ከ20,000 እስከ 40,000 ኪሎ ሜትር ይሰጣሉ፤ የእናንተ መኪና መጽሐፍ የሚለውን አስቀድሙ። ጎንደር ባሕር ዳር በአስፋልት የሚመላለስ ሰው ያንን ቁጥር ሊያምነው ይችላል። ከደባርቅ ወደ ሳንቃበርና ጨነቅ በጠጠር የሚወጣ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ቋራ ወይም ወደ አርማጭሆ ገጠር የሚገነጠል፣ በመንገድ ሥራ ተለዋጭ መንገድ ላይ የሚውል ግን ቁጥሩን ለአራት ያካፍለው፤ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩም ጠቋሚውን ይይ ወይም በደረጃ 3 ይለካ። ተከትሎ መንዳትም ትልቅ ለውጥ ያመጣል። በጠጠር ላይ ከፊታችሁ ካለው መኪና አቧራው እስኪረግብ ድረስ ወደ ኋላ የምትቀሩ ከሆነ ፊልትሮው ብዙ ይቆይላችኋል።

ሦስተኛ፣ ወራቱን ቁጠሩ። ወረቀቱም ጎማውም ያረጃሉ፤ መኪናው ባይሄድም ከሁለት ዓመት በላይ አላቆየውም።

አራተኛ፣ ወቅቱን አስቡ። በኅዳርና በታኅሣሥ ውቂያ ነው፤ ጭድ የሚጭን አይሱዙ በአንድ ቀን ፊልትሮውን ሊደፍን ይችላል። ከዚያ እስከ ግንቦት አቧራው አያቋርጥም። ሰኔ ሲገባ ደግሞ በወረቀቱ እጥፋት ውስጥ የተከማቸው አቧራ እርጥበት ጠጥቶ ጭቃ ይሆናል፤ ግንቦት ላይ «ትንሽ ይቆያል» የተባለ ፊልትሮ በመጀመሪያው የሰሜን ተራሮች ጉም ይታፈናል። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የምትቀይሩ ከሆነ የኔ ምርጫ የግንቦት መጨረሻ ነው። ብዙ ሰው ከክረምት በኋላ ነው የሚቀይረው፤ አልስማማም።

አምስተኛ፣ ወረቀቱ ከራሰ፣ ከተቀደደ ወይም ጎማው ከተሰነጠቀ ኪሎ ሜትር አትቁጠሩ። ያኔውኑ ቀይሩ።

ጭሱ ሲያታልላችሁ

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ጨነቅ 3,600 ሜትር አካባቢ ነው፤ እዚያ ወደ ሲሶ የሚጠጋው ጎድሏል። ቱርቦ የሌለው ሞተር፣ የናፍጣ ፓምፑም የከፍታ ማስተካከያ ከሌለው፣ ናፍጣውን እንደ ቆላው ያህል ይረጫል፤ የሚያቃጥለው አየር ግን የለውም። ትርፉ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ፊልትሮው ትናንት የተገዛ ቢሆንም ይጨሳል።

እንዴት ይለያል? ሁልጊዜ በምታውቁት አንድ አቀበት ፈትኑት። ለእኔ ከአዘዞ ወደ ከተማ የሚያስወጣው ነው፦ ያው ጭነት፣ ያው ማርሽ፣ ያው ቦታ። ድሮ በሦስተኛ ማርሽ የምትወጡትን ዛሬ በሁለተኛ ከሆነ የምትወጡት አንድ ነገር ተለውጧል። ደባርቅን አልፋችሁ ብቻ የሚጨስ፣ ጎንደር ስትመለሱ የሚጠራ ከሆነ ግን ተራራው ነው፤ ፊልትሮውን ተዉት።

ደረጃ 3፦ በውኃ ለኩ

ጠቋሚ ለሌለው ወይም ጠቋሚው ለደረቀበት መኪና ይህ ዘዴ ከማንኛውም ግምት ይበልጣል። ወጪው የቱቦ ዋጋ ነው።

1. ቱቦውን በረጅም ጣውላ ላይ እንደ ፈረስ ኮቴ አጥፋችሁ እሰሩ። እያንዳንዱ ክንድ ከ1 ሜትር ከ20 አያንስም።

2. በሁለቱም ክንዶች ግማሽ ሜትር ያህል እስኪቆም ድረስ ውኃ ሙሉበት። ጥቂት ሻይ ብትጨምሩበት መስመሩ ጎልቶ ይታያል። ሁለቱ ውኃዎች እኩል የቆሙበትን ቦታ በእስክሪብቶ አስምሩ።

3. ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ጠቋሚውን ፍቱና የቱቦውን አንድ ጫፍ በእሱ ቀዳዳ ላይ ግጠሙ። ሌላው ጫፍ ክፍት ይሁን። ቀዳዳው ከፊልትሮው በኋላ መሆኑን አረጋግጡ። ቀዳዳ ከሌለ ለዚህ ብላችሁ ቱቦውን አትብሱ።

4. ረዳቱ ሞተሩን ያስነሳ። እናንተ ውኃውን ተመልከቱ። በአንዱ ክንድ ይወጣል፣ በሌላው ይወርዳል። ረዳቱ ነዳጅ ቀስ እያለ ይስጥ፤ ውኃው ወደ ቱቦው አናት ከተጠጋ ወዲያው ያጥፋ። ውኃ ወደ ሞተሩ መሳብ የለበትም፤ ክንዱ እንዲረዝም ያልሁት ለዚህ ነው።

5. ሞተሩ በሙሉ ዙር ላይ ሳለ በሁለቱ የውኃ አናቶች መካከል ያለውን ልዩነት በሚሊ ሜትር ለኩ።

ለብዙ ከባድ የናፍጣ ሞተሮች የሚሰጠው የመጨረሻ ወሰን ቱርቦ ላለው 635፣ ቱርቦ ለሌለው 500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ለትናንሽ መኪናዎች ከዚያ ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ የመኪናችሁ መጽሐፍ ቁጥር ካለው እሱን ተከተሉ። ከሁሉ የሚሻለው ግን የራሳችሁ ቁጥር ነው፦ አዲስ ፊልትሮ በገባበት ቀን ለክታችሁ ጻፉት፤ ከዚያ በኋላ ምን ያህል እንደ ጨመረ ታያላችሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ቱርቦ ያለው ሞተር ቆሞ ሲጮህ ሙሉ አየሩን አይስብም፤ የሚስበው ጭነት ሲኖረው ነው። ለእሱ ቱቦውን በመስኮት አስገብታችሁ፣ ጣውላውን ጋቢና ውስጥ አስራችሁ፣ አቀበት ላይ ለኩ። የሚያነበው ሌላ ሰው ይሁን፤ ነጂው መንገዱን ይመልከት።

ደረጃ 4፦ አዲሱን ከመግዛታችሁ በፊት መርምሩ

መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ካርቶኑ ላይ ያለው ስም ብዙ አይነግራችሁም። አሮጌውን ስታወጡት ልታወዳድሩት ትችላላችሁ፤ ሱቅ ውስጥ ግን ይህን እዩ፦

ቁመቱንና ስፋቱን በማስመሪያ ለኩ። 3 ሚሊ ሜትር ያጠረ ክብ ፊልትሮ ክዳኑ ቢዘጋም ጫፉ አይያዝም። የጎማውን ጠርዝ በአውራ ጣት ተጫኑት፤ ለስላሳ ሆኖ ተመልሶ ካልተነሣ መልሱት። እጥፋቶቹን ቁጠሩ፤ የተጣጣፉ፣ የተኮረኮሙ ወይም በመካከላቸው ክፍተት ያለው አይሆንም። ወረቀቱ ከጎማው ጋር በተጣበቀበት ዙሪያ ሙጫው ያልደረሰበት ቦታ እንደሌለ እዩ። በመጨረሻ የእጅ ባትሪ ውስጡ አስገብታችሁ ጥላ ባለበት ተመልከቱ፤ ብርሃኑ ደብዘዝ ብሎ እኩል መታየት አለበት። እንደ መርፌ ቀዳዳ የሚያበራ ነጥብ ካለ አትግዙት።

ባለ ሱቁ ሲከፋው አታፍሩ።

ደረጃ 5፦ አውጡት

1. የፊልትሮው ቤት ሥር ያለውን የአቧራ ማራገፊያ ላስቲክ ፈልጉ፤ እንደ ዳክዬ አፍ የተጠጋጋ ነው። በሁለት ጣት ጨምቁት። አቧራ ከወጣ ደኅና ነው። ጠንክሮ ከሆነ ወይም ጭራሹን ከሌለ አብራችሁ ግዙ፤ ያለ እሱ በአዙሪት መራገፍ የነበረበት አቧራ ሁሉ ወረቀቱ ላይ ይከመራል።

2. የክዳኑን መቆለፊያዎች በተቃራኒ ጥንድ ጥንድ ክፈቱ። ካልተከፈተ በመዶሻ አትምቱ፤ የተጣመመ ክዳን ደግሞ አይዘጋም።

3. ክብ ከሆነ ቀስ ብላችሁ እያዟዟራችሁ ወደ ራሳችሁ ሳቡ። ወደ ላይ አትንጠቁት። አቧራው ከውጭ በኩል ነው ያለው፤ ስትነጥቁት ወደ ንጹሑ ቱቦ ይፈሳል።

4. ወዲያው ፌስታል ውስጥ ክተቱት። የተከፈተውን ቱቦ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑ። ጨርቁ ትልቅ ይሁን፤ ትንሽ ከሆነ ተረስቶ ውስጥ ይቀራል።

ደረጃ 6፦ አሮጌውን አንብቡ

ይህን ደረጃ አትዝለሉ። የወጣው ፊልትሮ የሞተሩን ወሬ ይዞ ነው የሚወጣው።

ውጭው እኩል ቡናማ፣ ውስጡ ንጹሕ፦ ሥራውን ሠርቷል፤ አልፋችሁ ሂዱ።

ውስጡ ላይም አቧራ ካለ፦ ቀዳዳ አለው ወይም ጎማው አልያዘም። አዲስ መክተት ብቻ አይበቃም። ክዳኑ፣ መቀመጫው፣ የጎማው ቀለበት ይፈተሹ።

ጥቁር ጥላሸት፦ የጭስ ማውጫ ቱቦ የሚያፈስ ሊሆን ይችላል፤ ጭሱ በአየር መሳቢያው እየተመለሰ ነው።

በዘይት የረጠበ፦ የሞተሩ እስትንፋስ ቱቦ ዘይት እያመጣ ነው። ቱርቦ ካለው ደግሞ ፊልትሮው በጣም ሲታፈን ከቱርቦው ዘይት ይሳባል፤ እሱ በቱቦው ውስጥ እንጂ በፊልትሮው ላይ አይታይም፤ ስለዚህ ቱቦውንም በጣት እዩ።

ሞገድ የሠራ፣ የተኮማተረ ወረቀት፦ ውኃ ነክቶታል።

ጭድ፣ ቅጠል፣ የእህል ፍሬ፦ መሳቢያው በር ላይ ያለው ወንፊት ወልቋል ወይም አይጥ ገብታለች።

አሁን የእኔን ልንገራችሁ። በአንድ የድሮ ላንድክሩዘር ስድስት ሲሊንደር ሞተር ላይ ፊልትሮ የቀየርሁ ዕለት ማታ ነበር፤ ችኮላ ነበረብኝ። በሁለተኛው ወር ዘይት መጨመር ጀመርሁ። ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ጎማ ቱቦ ስፈታ ውስጡ ላይ ከላይኛው በኩል አንድ ክር የመሰለ የአቧራ መስመር አገኘሁ፤ ስፋቱ ከክብሪት እንጨት አይበልጥም፣ ቀለሙ የተወቀጠ ቡና ነው፣ በጣት ሲነካ ይሻክራል። መስመሩን ወደ ኋላ ተከትዬ ሄድሁ፤ የፊልትሮው ጎማ አንድ ቦታ ላይ ታጥፎ ነበር። ሁለት ሳንቲም የማታክል እጥፋት ናት። ሞተሩ ሲፈታ ሲሊንደሮቹ ከላይ ወደ ታች ተቧጥጠዋል። ወጪውን አልነግራችሁም።

ደረጃ 7፦ ቤቱን አጽዱ

በእርጥብ ጨርቅ። በደረቅ ጨርቅ አይሆንም፣ በኮምፕሬሰርም አይሆንም፤ አየር አቧራውን ወደ ቱቦው ይገፋዋል። መጀመሪያ ውጭውን፣ ቀጥሎ የጣሳውን ግድግዳ፣ መጨረሻ ላይ የጎማው ጠርዝ የሚያርፍበትን ቀለበት ጥረጉ። ቀለበቱን በሁለተኛው ንጹሕ ጨርቅ ድገሙት፤ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ። በዚያ ቀለበት ላይ የቀረች አሸዋ ጎማውን ታነሣዋለች።

ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ቱቦ በጣት ዳብሱ። ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ከታች በኩል፣ በማይታየው ቦታ ነው የሚጀምረው። ማሰሪያ ፋሼታዎቹን አጥብቁ።

ደረጃ 8፦ አስገቡ

1. አዲሱን ቀጥ አድርጋችሁ ክተቱ። በወረቀቱ ሳይሆን በጎማው ጠርዝ ዙሪያ በእኩል ተጫኑት። ሲቀመጥ ይሰማችኋል።

2. ጎማው ላይ ግሪስም ዘይትም አትቀቡ፤ አቧራ ይሰበስባል።

3. ጣታችሁን ዙሪያውን አዙሩ። የታጠፈ ቦታ ካለ አውጥታችሁ ድገሙት።

4. ክዳኑን አስቀምጡ፤ የአቧራ ላስቲኩ ወደ መሬት እንዲያይ አድርጉ። ብዙ ክዳን ላይ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት አለ።

5. መቆለፊያዎቹን በተቃራኒ ጥንድ ጥንድ ዝጉ። አንዱ በጉልበት እንጂ አልዘጋም ካለ ውስጥ የሆነው ነገር ልክ አይደለም። ክፈቱት።

6. ጠቋሚውን ወደ ቦታው መልሳችሁ ዜሮ አድርጉት።

7. ጣሳው ላይ ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩንና የውኃውን ልኬት ጻፉ።

ደረጃ 9፦ ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ

ይህ ማለት ከጎንደር ደባርቅ ማለት ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከፊልትሮው በኋላ ያለውን ጎማ ቱቦ ፈትታችሁ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጥረጉ። ፊልትሮውን አትክፈቱ፤ ቱቦውን ብቻ። ጨርቁ ንጹሕ ከሆነ ጨርሳችኋል። ቡናማ ከሆነ አቧራ እየገባ ነው፤ ወደ ደረጃ 6 ተመለሱ።

በአየር መንፋት ይቻላል?

አዲስ ከተገኘ አይነፋም። የሚነፋው ሌላ አማራጭ ሲጠፋ፣ ቢበዛ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ነው። አየሩ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከ2 ባር ባልበለጠ ግፊት፣ ጫፉ ከወረቀቱ ቢያንስ አምስት ሴንቲ ሜትር ርቆ። የጎሚስታው ኮምፕሬሰር ለአይሱዙ ጎማ የተዘጋጀ ነው፤ ግፊቱ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ወረቀቱንም ዓይን በማያየው ቀዳዳ ይሞላዋል። ከነፋችሁት በኋላ የባትሪ ብርሃን ፈተናውን አድርጉ።

በቤንዚን፣ በሳሙና፣ በናፍጣ ማጠብ አይቻልም፤ ይታጠባል ተብሎ የተጻፈበት ካልሆነ በቀር። መምታትም ክልክል ነው፤ ሲመታ የሚረግፈው ሻካራው አቧራ ነው፤ ደቃቁ ይቀራል፣ ጠርዙ ይጣመማል።

አልጋና ምድጃ ላላቸው መኪናዎች

እነዚህ ከሌላው የሚለዩት በሦስት ነገር ነው። ክብደታቸው ስለሚበዛ አቀበት ላይ ብዙ አየር ይስባሉ። ወራት ቆመው ይከርማሉ፤ አይጥ የወረቀቱን እጥፋት ትመርጠዋለች፣ ስለዚህ ከክረምት በኋላ ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት መሳቢያውን በባትሪ እዩ። ሞተሩ ከኋላ ከሆነም መሳቢያው የሚገኘው የኋላ ጎማ አቧራ በሚያነሣበት ቦታ ነው፤ ኪሎ ሜትሩን ለአራት ካካፈላችሁ በኋላ አንድ ጊዜ ደግሞ ቀንሱ።

የምግብ ማብሰያ ጋዝ ካላችሁ ደግሞ ሲሊንደሩን በአየር መሳቢያው አጠገብ አትክፈቱ፣ አትቀይሩ፣ ሞተሩ እየሠራ ሳለ ፈጽሞ። የናፍጣ ሞተር ጋዝ ከሳበ ያለ ናፍጣም ይሽከረከራል፣ በቁልፍ አይቆምም። የብርሃን ፈተናውንም በሻማ ወይም በክብሪት አታድርጉ።

አንድ ነገር ሲበላሽ

አዲስ ገብቶ ጠቋሚው አሁንም ቀይ ነው። ጫፉን መልሳችሁታል? ከሆነ መዘጋቱ ከፊልትሮው በፊት ነው፦ ፌስታል፣ የአይጥ ጎጆ፣ ወይም ውስጡ የተላጠ ጎማ ቱቦ። ቱቦው ሞተሩ ሲጮህ ወደ ውስጥ የሚጨመቅ ከሆነ ይቀየር።

አሁንም ጥቁር ይጨሳል። ከፍታው ካልሆነ የቱርቦው ቱቦ ሊያፈስ፣ ወይም የናፍጣ መርጫው ሊያንጠባጥብ ይችላል። ሁለተኛ ፊልትሮ አትግዙ።

ፉጨት ይሰማል። አየር በጎን እየገባ ነው። ያለ ፊልትሮ ከመሄድ አይለይም፤ አቁሙ።

ሥራው ላይ ሳላችሁ ቆሻሻ ወደ ንጹሑ ቱቦ ወደቀ። ሞተሩን አታስነሡ። ቱቦውን ሙሉ በሙሉ ፍቱ፣ ከመኪናው ውጭ አጥባችሁ አድርቁ፣ የሞተሩን በር በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ።

ጨነቅ ላይ ማለዳ አልነሣ አለ። ማስነሻ ጋዝ በፊልትሮው ቤት በኩል መርጨት በብዙዎች ይሠራበታል። ማሞቂያ ካንዴላ ያለው ሞተር ላይ ግን ጋዙ ከጊዜው በፊት ይፈነዳል፣ ፒስተን ይሰብራል። ካንዴላውን ሁለት ጊዜ አሙቁ፤ ባትሪውን እዩ።

ወንዝ ስትሻገሩ ሞተሩ ጠፋ። ቁልፍ አትንኩ። ፊልትሮውን አውጡ። ከፊልትሮው በኋላ ያለው ቱቦ ውስጥ ውኃ ካለ ሞተሩን አታዙሩ፤ ውኃ አይጨመቅምና የፒስተኑ ክንድ ይታጠፋል። መኪናው ይጎተት። ቱቦው ደረቅ ከሆነና የራሰው ወረቀቱ ብቻ ከሆነ አዲሱን ክተቱ፤ አዲስ ካልያዛችሁ የራሰውን በእሳት ዳር አታድርቁት፣ ጥላ ላይ ነፋስ ያግኘው፣ ደርቆም ቅርጹን ካልሳተ እስከ ቅርቡ ከተማ ድረስ በዝግታ ያደርሳችኋል።